ወደ ግቢዬ የሚመለከት መስኮት

ጋሽ ቱንቢ ተኝተዋል ተብሎ ነው ይህ ሁሉ የተወራው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሳሎኑን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ወዲያ፣ ልጃቸውና ባሏ ሻይ እየጠጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እሳቸው ደግሞ ወሬ ጮክ ሲል እንቅልፍ የማይነሳቸው፣ ሹክሹክታ ሲሆን ግን ብንን የሚሉ ሰው ናቸው። «ዕቃ ቤት ተብሎ ይለፍ፤ ማን ገብቶ ያያል?» አለ ባልየው። «አባዬ ካነበበውስ?» አለች ልጃቸው። ባልየው ጥቂት አሰበና፣ «መነጽሩን ሳያደርግ አስፈርሚዋ» አላት። እሷ ሻይዋን ማማሰል ቀጠለች። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ብቻ ተሰማ።

ነገሩ የግንባታ ፈቃድ ነገር ነው። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው። አንደኛው ክፍል የልጃቸውና የባሏ ነው፤ ሌላው የጋሽ ቱንቢ ነበር። ነበር፤ ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ለአቅመ ሔዋን ደርሰው ሳሎን ማደሩ ሲያሳፍራቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ክፍላቸውን ለቀው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነው ሶፋ ላይ ወረዱ። ለጥቂት ጊዜ ነው የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ይነሳሉ፤ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ፤ ልብሳቸው በሁለት ሻንጣ ተጠቅጥቆ ሶፋው ሥር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው! አሁን ከቤቱ ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል ልትሠራላቸው ነው። የብሎኬቱና የሲሚንቶው ገንዘብ ተጠራቅሟል፤ ሲሚንቶ ደግሞ በየሳምንቱ ዋጋው እየተሰቀለ ስለሆነ ቶሎ ካልተገዛ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ያስቸገረው መስኮቱ ነው። የክፍሏ ሦስት ጎን በነባሩ ቤትና በሌላ ሰው ግድግዳ የተያዘ ነው፤ የቀረው አንድ ጎን የሚያየው የታናሽ ወንድማቸውን ግቢ ነው። ፕላን ሠሪው እንዳስረዳው፣ መስኮት የሌለው ክፍል መኝታ ቤት ተብሎ አይፈቀድም፤ ወሰን ላይ መስኮት ለመክፈት ደግሞ ጎረቤት በጽሑፍ መስማማት አለበት። ከዚህ ጎረቤት ጋር ከተኳረፉ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው አጎቷን ሄዳ ልትለምን ተነስታ ነበር፤ «ከሱ ደጅ አንዲት ነገር እንዳትለምኚ» ብለው ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ፕላን ሠሪው ክፍሏን «ዕቃ ቤት» ብሎ ጻፋት። ዕቃ መስኮት አይፈልግማ።

ጋሽ ቱንቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር አያውቁም ነበር። ፕላኑ አልቋል፣ ካርታው በስማቸው ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄደው መፈረም ብቻ ነው የቀራቸው ተብለው ነው የተኙት። አሁን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነገሩ ገባቸው፤ ከፋቸውም። በልጃቸው አልፈረዱም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ወረቀት ስትንከራተት አይተዋል፤ ከሥራ እየቀረች፣ ከአለቃዋ እየተጋጨች። አማቻቸውም ክፉ ሰው አይደለም፤ አሁንም ቢሆን ማታ ጫማቸውን የሚጠርግላቸው እሱ ነው። ብቻ «መነጽሩን ሳያደርግ» የምትለዋ ነገር ቆጠቆጠቻቸው። ተነሱ፣ ታጠቡ፣ ያቺን ለክብር ቀን የምትቀመጥ ግራጫ ኮት ለበሱ። መነጽራቸውን ከነቤቱ ኮታቸው ኪስ ከተቱና ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «እንሂዳ፣ ሰልፍ ሳይበዛ» አሉ።

ቱንቢ የሚባል የግንበኛ ዕቃ አለ፤ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው፣ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙ ወይም መዝመሙ በሱ ይታያል። እሳቸው ግን በዓይን ብቻ አይተው «ይሄ ግማሽ ጣት ወደ ግራ ሄዷል» ይላሉ፤ ሲለካም እውነት ሆኖ ይገኛል። በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ካለቀ ቆይቷል። ከግቢ ሲወጡ በቀኝ በኩል፣ ወሰኑ ላይ የተገተረ የወንድማቸው ክፍል ግድግዳ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ሲያልፉ ሳይተቹት የዋሉበት ቀን የለም። ልስኑ ጎርበጥ ያለ ነው፣ ማዕዘኑ ዘሟል፣ የሠራው ሰው እጁ ይቆረጥ አይባል እንጂ እጁ እጅ አይደለም። ልጃቸው ይህን ትችት ስለለመደችው በየዕለቱ ትስቃለች። ዛሬ ግን ዝም ብለው አለፉ፤ እሷም ዝም ማለታቸውን ልብ አላለችም። ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ትልቋ ልጅ ፈተና፣ መንገዱ ስለመቆፈሩ አወራች። ዓይናቸውን እየሸሸች ነበር የምታወራው።

የፈቃድ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው ሁሉ ላስቲክ ፋይል ታቅፎ እየተንሸራተተ ወደ በሩ ይጠጋል። አንዱ ፎቶ ኮፒ ጎደለህ ተብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ እየሳቀ ነው፤ መናደዱን ጨርሶት ነው መሰለኝ። ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል፣ ፀሐይ እንዳይገባ በአሮጌ ፕላን የተሸፈነ ሰፊ መስኮት። ተራቸው ሲደርስ የተቀበለቻቸው ሠራተኛ ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ «ይቀመጡ አባቴ» አለቻቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ ሲገኝ ያስደነግጣል። ፕላኑን አገላበጠች፣ ካርታውን አየች፣ ከዚያ አንድ የታተመ ወረቀት አውጥታ ከፊታቸው አደረገች። የግዴታ ወረቀት ነው፣ ዕቃ ቤት ለሚሠራ ሁሉ የሚሰጥ። ልጃቸው ፈጠን ብላ ብዕሩን አቀበለቻቸውና፣ «እዚች ጋ ነው አባዬ» ብላ በጣቷ አሳየቻቸው።

ጋሽ ቱንቢ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ የመነጽራቸውን ቤት ከፈቱ፣ መስታወቱን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። ሁሉንም ቀስ ብለው ነው የሚያደርጉት። ልጃቸው ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ሳይሆን መጀመሪያ ፕላኑን ነው ያነበቡት፤ ፕላን ማንበብ ለሳቸው ከፊደል ይቀላል። ያቺን ሦስት በሦስት አገኟት። በሩን አዩ፣ የግድግዳውን ውፍረት አዩ፣ መሃሏ ላይ የተጻፈውን አዩ። ከዚያ ግዴታውን ድምፅ አውጥተው አነበቡት፤ «ይህን ክፍል ለሰው መኖሪያም ሆነ ማደሪያ እንዳላውል፣ ባውል በሕግ ተጠያቂ እንደምሆን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ያጎነበሰ መሰለ። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ፣ «ሌላ መንገድ አጣን፣ አባዬ» አለች። «አውቃለሁ፣ ጠዋት ሰምቻችኋለሁ» አሏት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

ሠራተኛዋን መኝታ ቤት ለመባል ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቋት። መልሱን ያውቁታል፤ ብቻ ከሰው አፍ መስማት ፈለጉ። የጎረቤት ስምምነት ብቻ ነው አለቻቸው፤ የስምምነቱን ቅጽ ወስደው ጎረቤቱ ከፈረመላቸው እሷ ራሷ እዚሁ ፕላኑ ላይ አስተካክላ አጭር ፊርማዋን ታኖርበታለች። ግን ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መሆን አለበት፤ ዛሬ ያልገባ ፋይል የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ መርዳቷ ነው፣ ወሰኑን ላጣራላችሁ ብላ ከጀርባዋ ካለው ክምር አንድ ጠርዙ ያለቀ ፋይል አወጣች። ቦታው ለሁለት ወንድማማች ከመከፈሉ በፊት አንድ ስለነበር ፋይሉም አንድ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገችና ቆም አለች። «እዚህ ይዞታ ላይ ከዚህ በፊት የመስኮት ተቃውሞ ቀርቦ ነበር» አለች። ልጃቸው ቀና አለች። «አጎቴ ነው? ገና ሳንጠይቀው?» ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደሷ አዞረችላት። ምን እንደምታሳይ አላወቀችም፣ ምስኪን።

ሁለት ወረቀት ነው፣ በአንድ ስፒል የተያያዘ። ላይኛው የአጎቷ ማመልከቻ ነው። ታማ የተኛች ባለቤቱ ብርሃንና አየር እንድታገኝ አዲስ በሚሠራው ክፍል ላይ አንድ መስኮት እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። የታችኛው መልሱ ነው። «የሚከፈተው መስኮት ወደ ግቢዬ የሚመለከትና የቤተሰቤን ነፃነት የሚነካ ስለሆነ እንዲከለከልልኝ አመለክታለሁ።» ፊርማው የአባቷ ነው። ልጅቱ ሁለቴ አነበበችው። ያቺን ክፍል ታውቃታለች፤ የአጎቷ ሚስት ሦስት ዓመት ተኝታ ነው እዚያ የሞተችው። ሲያመሻሽ ተደብቃ ልትጠይቃት ትገባ ነበር። በጠራራ ፀሐይም አምፖል የሚበራበት ክፍል ነበር፣ ሴትየዋም ገና ሳይቀመጡ «ውጪው እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የልጅቱ እናት ከሞተች በኋላ ፀጉሯን ስትሠራላት፣ የትምህርት ቤት ልብሷን ስትተኩስላት የኖረች ሴት ናት። ልጅቱ አባቷን አላየቻቸውም። ፋይሉን ዘጋችና የስምምነቱን ቅጽ ብቻ ተቀብላ ወጣች።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ቱንቢ ወረቀት በጊዜ ብዛት የሚጠፋ መስሏቸው ነበር፤ ይኸው፣ ከሰው የተሻለ ዕድሜ አለው። መነጽራቸውን ወደ ቤቱ መልሰው ነገሯት። ወንድማቸው ያንን ክፍል ሲጀምር ለሳቸው አልነገራቸውም። አንድ ቀን ከሥራ ሲገቡ ሌላ ግንበኛ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ወሰናቸው ላይ ብሎኬት እየደረደረ አገኙት። ከተማው ሙሉ «ጋሽ ቱንቢ ይሥራልን» እያለ ሲሻማባቸው፣ የእናታቸው ልጅ በሳቸው ላይ ሌላ ሰው ቀጠረ። በዚያው ንዴት ነው የጻፉት። ቢመጣ፣ «ምነው ወንድምጋሼ» ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር በዚያው ቀን ይሰርዙት ነበር። ሲጠብቁት አልመጣም። ሲጠብቁት ሴትየዋ ሞተች። በቀብሩ ቀን ከኋላ ቆሙ፤ ወንድማቸው እጁን ሰጥቷቸው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። «እሷ ምን አደረገችህ?» አለች ልጃቸው። ጋሽ ቱንቢ ተነስተው፣ «ነይ፣ አጎትሽ ጋ እንሂድ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከፈረመም ይፈርም» አሉ።

ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጃቸው ከደጅ ቀረች። ጋሽ ቱንቢ መንገድ ላይ የሚሉትን ሲያዘጋጁ ነው የመጡት፤ ሁለቴም ሦስቴም ለውጠውታል። ወንድማቸው በሩን ከፈተ። ልብስ ሰፊ ነው፤ አሁንም ኮሌታው ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቷል፣ ክር ተንጠልጥሎበታል። በጣም ከስቷል። ሲያያቸው አልደነገጠም፣ ደስም አላለውም፤ «ግባ» ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ያስገባቸው ወደዚያችው ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናውን እዚያ አስገብቶታል። አምፖሉ በርቷል። ጋሽ ቱንቢ እንደልማዳቸው ከሰው በፊት ግድግዳውን አዩ። አሥራ አንድ ዓመት ከውጭ ሲተቹት የኖሩት ግድግዳ ከውስጥ ሌላ ነው። ዙሪያው ተለስኗል፤ መሃሉ ላይ ግን የመስኮት ቅርጽ አለ፣ ከላይ ማሰሪያው ኮንክሪት በደንብ ተጥሎለት፣ ውስጡ ብቻ በብሎኬት ተደፍኖ። የተደፈነው አልተለሰነም። የዚያ ግንበኛ እጅ እጅ ነበረ፤ ይህንን ማሰሪያ እሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ አስበልጠው አይሠሩትም ነበር።

ወንድማቸው የሚያዩትን አየ። ወንበር ላይ ተቀመጠና ለመኪናው የሚነግር ይመስል አጎንብሶ ተናገረ።

«ባለቤቴን ልለስነው ስላት እምቢ አለች። ጋሼ ልባቸው የተመለሰ ቀን ለማፍረስ እንዳያስቸግር ይሁን አለች።»

ጋሽ ቱንቢ የሴትየዋ አልጋ በነበረበት ቦታ፣ አሁን የተቆረጠ ጨርቅ የተከመረበት ሳጥን ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ያላሰቡትን ጠየቁ።

«ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ለምን ሌላ ሰው ቀጠርክ?»

«ያኔ ሐኪም ድንጋይ አታንሳ ብሎህ አልነበር? ወገብህን። እሷ ናት የከለከለችኝ። ከነገርናቸው እምቢ አይሉንም፣ ገንዘብም አይቀበሉንም፣ ለኔ ብለው ይሰበራሉ አለች።» ኮሌታው ላይ የተንጠለጠለውን ክር ሳብ አደረገ። «ልነግርህ ስል ደብዳቤህ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ?»

አምፖሉ ሥር ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከቤቱ በላይ የሚያልፍ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ የት እንደሆነ ግን ከዚህ ክፍል ሆኖ አይታይም። ጋሽ ቱንቢ «ይቅር በለኝ» ሊሉ ነው የመጡት ብሎ አንድ ሰው በጆሯቸው ቢነግራቸው ኖሮ ይሉት ነበር። ቃሏ አንዲት ናት። ግን የወንድሙን ሚስት ሦስት ዓመት ጨለማ ውስጥ አስተኝቶ፣ ራሱ መኝታ ሲያጣ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ብሎ ነው እሷን ቃል የሚያወጣት? አሁን ቢሏት ለፊርማው ብለው ያሏት ትመስላለች። አፈሩ። እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ቅጹን ሲያወጣ ራሳቸው በእጃቸው አዘኑበት። ወንድማቸው ተቀበላቸው። መነጽሩን አደረገ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ፊደል ሳይዘል አነበበው፣ ሙሉ ስሙን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ። ቀለሙ እንዳይበላሽ እፍ አለበትና አጥፎ ሰጣቸው።

«መስኮቱን ሰፋ አድርገው» አለ። «ከዚህ ወገን የምታየው ሰው የለም።»

በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ያለውን ነው የተናገረው። ጋሽ ቱንቢ ተነሱ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ለባዕድ የሚባለውን። እስከ በሩ ሸኛቸውና መወርወሪያውን ዘጋ። ልጃቸው ከግድግዳው ጥግ ተነስታ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ፈረመ?» አለች። ቅጹን ሰጧት። ፊርማውን አይታ ተንፈስ አለች፣ ሰዓቷንም አየች፤ ዘጠኝ ከሩብ፣ ይደረሳል። ከዚያ ፊታቸውን አየች።

«ነገርከው? ይቅርታ አልከው?»

ጋሽ ቱንቢ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ልጅቱ ቅጹን ላስቲኩ ውስጥ ከተተችና ቆማ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ዞሩ፣ ሦስት እርምጃ ተመለሱ፣ በሩን አንኳኩ። ከውስጥ የስፌት መኪናው ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ወንድማቸው በሩን አልከፈተም። ከተቀመጠበት ሆኖ ነው የመለሰው፤ ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ፈርሜልሃለሁ እኮ። ሌላ ምን ቀረ?»

ጋሽ ቱንቢ መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆዩ። ልጃቸው ከኋላቸው ስትጠብቅ፣ ወንድማቸው ከውስጥ ሲጠብቅ ተሰማቸው።

«ምንም» አሉ።

የስፌት መኪናው እንደገና ጀመረ። እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ወደ ሚኒባሱ ወረዱ።